ከካምብሪጅ የቡና ማፍያ እስከ ሰቃ መጋዘን፦ አድራሻው የማይረጋ ካሜራ ታሪክ

መረቡ ገና ትንሽ ሳለ የአድራሻው መዝገብ አንድ ቦታ ነበር የሚቀመጠው። በ1970ዎቹ፣ የዛሬው ኢንተርኔት በተወለደበት አርፓኔት በተባለው የአሜሪካ መረብ፣ የትኛው ኮምፒውተር በየትኛው ቁጥር እንደሚገኝ የሚናገረው ካሊፎርኒያ ሜንሎ ፓርክ፣ ኤስአርአይ የተባለ የምርምር ተቋም ያስቀመጠው አንድ ፋይል ነው። ፋይሉን የያዘውን ክፍል የምትመራው ኤልዛቤት ፋይንለር ነበረች። አዲስ ኮምፒውተር የገባለት ሁሉ ለእሷ ቢሮ ያስታውቃል፤ ቢሮው ይጽፋል፤ ሌላው ፋይሉን እየቀዳ ይወስዳል። ኮምፒውተሮቹ ሲበዙ ቢሮው መቋቋም አቃተው። በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ መዝገቡን ከፋፍሎ ለየባለቤቱ የሚያድል ሥርዓት ነደፈ። ስም ሲጠየቅ ቁጥር የሚመልሰው ይህ ዲኤንኤስ የተባለው ሥርዓት እስከ ዛሬ ይሠራል። (የውጭውን ዓለም ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፌአለሁ፤ ዓ.ም. የሚል የተከተላቸው የእኛ ናቸው።) ሥርዓቱ ሲነደፍ ግን አንድ ግምት ነበረ፦ ኮምፒውተር አድራሻውን የሚቀይረው አልፎ አልፎ ነው፤ ሲቀይርም ሰው ገብቶ መዝገቡን ያቃናል። ብዙ ሳይቆይ የፈረሰው ይህ ግምት ነው።

በ1991 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ላብራቶሪ ሰዎች የቡና ችግር ነበረባቸው። ማፍያው የተቀመጠው ትሮጃን ሩም ከሚባለው ክፍል አጠገብ ሲሆን፣ ጠጪዎቹ ግን በየፎቁ ተበትነው ነው የሚሠሩት። ደረጃውን ወርደው ሲደርሱ ማሰሮው ባዶ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ኩዌንቲን ስታፎርድ-ፍሬዘርና ፖል ጃርዴትዝኪ አንድ ካሜራ ማሰሮው ላይ አነጣጥረው፣ ጎኑ 128 ነጥብ ብቻ የሆነች ጥቁርና ነጭ ምስል በላብራቶሪው መረብ እንድትታይ አደረጉ። በኖቬምበር 1993 ዳንኤል ጎርደንና ማርቲን ጆንሰን ምስሏን ዌብ ላይ አወጧት፤ ከዚያ ወዲያ ማሰሮው ይሙላ ይጉደል ከሌላ አህጉር ሆኖ ማየት ተቻለ። እንግዲህ ዓለም በዌብ ያየው የመጀመሪያው ካሜራ ሥራው ቡና መጠበቅ ነበር። ለጅማ ሰው ይህ ብዙም የሚያስደንቅ አይመስለኝም፤ እዚያ ቡና መጠበቅ ከአያት የወረደ ሥራ ነው።

የካምብሪጁ ካሜራ አንድ ዕድል ነበረው፤ የዩኒቨርሲቲ ንብረት ስለሆነ አድራሻው ቋሚ ነበር። ለተራው ሰው ግን አድራሻ እያነሰ ነበር። በጊዜው የነበረው፣ ዛሬም በብዛት የሚሠራበት አራተኛው የአይፒ ስሪት ያሉት ቁጥሮች በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ያህል ናቸው፤ መሐንዲሶቹም እንደማይበቁ አይተውታል። ሁለት መላ ዘየዱ። በ1993 የወጣው ዲኤችሲፒ አድራሻን ለጊዜው ሰጥቶ ሲያበቃ መልሶ ለሌላ ያድላል። በ1994 የተጻፈው ናት ደግሞ በአንድ ግቢ ያሉ ማሽኖች ሁሉ ወደ ውጭ ሲወጡ አንድ አድራሻ እንዲጋሩ ያደርጋል። ከውስጥ ወደ ውጭ ለሚሄድ ሰው ሁለቱም አያስቸግሩም፤ ኢሜይሉን ይልካል፣ ገጹን ያነባል። ከውጭ ወደ ውስጥ መግባት ለሚፈልግ ግን በሩ አይታወቅም፤ ዛሬ ቢታወቅ ነገ ሌላ ነው። የካሜራ ነገር ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ የሚተከለው ሌላ ቦታ ሆኖ ሊያየው ለሚፈልግ ሰው ነው። የስዊድኑ አክሲስ በ1996 ኔትአይ 200 የተባለውን የመጀመሪያውን ለገበያ የቀረበ የመረብ ካሜራ ሲያወጣ፣ ካሜራውን በቤቱ ሰክቶ ከቢሮው ሊያየው የፈለገ ሰው የገጠመው ፈተና ይኸው ነበር።

ኢትዮጵያም ወደ መረቡ የገባችው በዚህ መሐል ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው ፓዲስ ለጥቂት ሰዎች ኢሜይል ያመላልስ ነበር። ኢቲ የሚለው የአገሪቱ የመረብ መለያ በኦክቶበር 1995 ተመዘገበ። በጥር 1989 ዓ.ም. ቴሌ ኢንተርኔትን በይፋ ከፈተ። ሞደሙ በስልክ መስመር እየጮኸ ይገባል፣ መስመሩ ሲቋረጥ እንደገና ይደወላል፣ በተደወለ ቁጥርም አዲስ አድራሻ ይሰጣል። ለጊዜው ግድ የሚለው አልነበረም፤ ከአገር ውስጥ ማን ምን ሊያሳይ? ከሦስት ወር በኋላ፣ በኤፕሪል 1997፣ ማሽኑ ራሱ የዲኤንኤስ መዝገቡን በየጊዜው እንዲያስተካክል የሚፈቅደው ደንብ፣ አርኤፍሲ 2136፣ ታተመ። ሰው ገብቶ ያቃናል የሚለው የ1983ቱ ግምት በይፋ የተሻረው ያን ጊዜ ነው።

ሐሳቡን ለተራ ሰው ያደረሱት ተማሪዎች ናቸው። በ1998 በማሳቹሴትስ ዉስተር ፖሊቴክኒክ ተቋም ይማር የነበረው ቲም ዋይልድ ዲንዲኤንኤስ የሚባል ነፃ አገልግሎት ጀመረ፤ ጓደኞቹ ተጨመሩበትና ውሎ አድሮ ዲን የተባለ ኩባንያ ሆኖ በኒው ሃምፕሸር ማንቸስተር ከተማ ተተከለ። ነገሩን ቤት ቶሎ ቶሎ የሚቀይር ተከራይ ያውቀዋል፤ በለቀቀ ቁጥር ለሰፈሩ ባለ ሱቅ «አሁን እዚያ ማዶ ነኝ» ብሎ ይነግራል፣ የሚፈልገው ሰውም ሱቁን ይጠይቃል። ራውተሩ ወይም የካሜራው መቅረጫ ውስጥ ያለች ትንሽ ፕሮግራም አድራሻዋ መለወጡን ስታይ ለዲን ትነግራለች፤ ዲን መዝገቡን ያድሳል፤ ጠያቂው ስሙን ብቻ ይይዛል። መልሱ በሌሎች ኮምፒውተሮች ዘንድ እንዳይሻግት ዕድሜው 60 ሰከንድ ብቻ ነው። ብዙም ሳይቆይ ኖ-አይፒ የተባለው የኔቫዳ ኩባንያ ተከተለ። ሁለቱም ለአንድ ሰው የሚበቃ ስም በነፃ ይሰጡ ነበር። በዚህ ታሪክ ውስጥ «ነፃ» የሚለው ነገር ወዴት እንደሚያደርስ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ካሜራውን ርካሽ ያደረገችው ግን ሃንጆ ናት። ሂክቪዥንና ዳሁዋ፣ ሁለቱም የዚያች የቻይና ከተማ ልጆች፣ በ2001 ተመሠረቱ። ከእነሱ በፊት የጥበቃ ካሜራ ማለት በቪዲዮ ክር የሚቀዳ፣ ክሩ በየጊዜው የሚገለበጥ፣ ባንክና ኤምባሲ ብቻ የሚችለው ነገር ነበር። ዲቪአር የሚሉት ሳጥን ክሩን በሃርድ ዲስክ ተካው፤ አራት ወይም ስምንት ካሜራ ይይዛል፤ ዲስኩ ሲሞላ ከአሮጌው እየሻረ ይቀዳል፤ ጀርባው ላይ የመረብ መሰኪያ አለው። ቅንብሩ ውስጥ ደግሞ ዲዲኤንኤስ የሚል፣ እንደ ዲን ያለውን አድራሻ የሚያድስ የስም አገልግሎት የሚመረጥበት ገጽ አለ። በሂክቪዥኑ ሳጥን ላይ ያንን ገጽ የከፈተ ሁሉ ዝርዝሩን ያስታውሰዋል፦ ዲንዲኤንኤስ፣ ኖ-አይፒ፣ ፒናትሃል፣ የራሱ የአምራቹ ሂዲዲኤንኤስ። ከአሜሪካ ተማሪዎች የዶርም ክፍል የወጣ ሐሳብ በቻይና ሳጥን ታሽጎ መርካቶ የደረሰው እንዲህ ነው።

በአገራችን ሳጥኑ መሬት እንዲይዝ ሁለት ነገር መሟላት ነበረበት፤ መስመርና የሚጠበቅ ሀብት። የቡናው ወገን ቀድሞ ተለውጧል። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ማብቂያ የወጣው የቡና አዋጅ ቁጥር 602/2000 የቡናን ግብይት ወደዚያ አስገባ። ጅማም የምርት ገበያው መጋዘን ካላቸው ከተሞች አንዷ ሆነች። የመስመሩ ወገን በኅዳር 2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ሲመሠረትና ብሮድባንድ በየከተማው እየተዘረጋ ሲሄድ መጣ።

ሰቃ ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብላ ትገኛለች፤ የሰቃ ጨቆርሳ ወረዳ መቀመጫ ናት። አጋሮ፣ የቡ፣ ሸቤ፣ ሊሙ ገነት፣ ሰቃ፤ እነዚህ ከተሞች ዓመታቸውን የሚቆጥሩት በቡና ነው። እሸቱ ከጥቅምት ጀምሮ ይለቀማል፣ አብዛኛው በአልጋ ላይ ደርቆ ጀንፈል ይሆናል፣ ጀንፈሉ መጋዘን ይገባል፣ ይቀሸራል፣ ተጭኖ ይሄዳል። በእነዚህ ወራት የአንድ አቅራቢ ሀብት በሙሉ በአንድ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ በጆንያ ተቆልሎ ይቀመጣል። ባለቤቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ የለም፤ ጅማ ባንክ ውስጥ ነው፣ አዲስ አበባ ላኪ ቢሮ ነው፣ ወይም ሌላ ከተማ ያለውን መፈልፈያ ለማየት መንገድ ላይ ነው። ዘበኛ አለ። ዘበኛውን የሚጠብቅ ግን የለም፤ ጆንያ መጥፋት ብቻም ሳይሆን ጥሩው ቡና ወጥቶ መናኛው የሚገባበት ሌሊት አለ። ስለዚህ ዲቪአሩ ሲመጣ ገዢ አላጣም፤ ከቡና መጋዘን በተጨማሪ የጅማ ሆቴሎች፣ ፋርማሲዎች፣ የነዳጅ ማደያዎችም ካሜራ አስገጠሙ።

ገጠማው እንዲህ ነበር። ቴክኒሻኑ ካሜራዎቹን ይሰቅላል፣ ሳጥኑን ከራውተሩ ያገናኛል፣ ራውተሩ ላይ ፖርት የተባለውን ባለ ቁጥር በር ይከፍታል፤ ለሂክቪዥን 8000፣ ለዳሁዋ 37777። በነፃው አገልግሎት አንድ ስም ያወጣል፣ ስሙን በባለቤቱ ስልክ ላይ ይጭናል። ቋሚ አድራሻ ከቴሌ መግዛት ይቻላል፤ ግን ለብቻው የሚከፈልበት የድርጅት አገልግሎት ስለሆነ ለአንድ መጋዘን ብሎ የሚገባበት ጥቂት ነው። በእኛ አገር ዲዲኤንኤስን ያስወደደው ከሁሉ በላይ መብራት ነው። አውሮፓ ውስጥ የአንድ ቤት ራውተር ለወራት ሳይጠፋ፣ አድራሻውም ሳይለወጥ ሊቆይ ይችላል። እዚህ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ራውተሩ እንደ አዲስ ይነሳል፣ አዲስ አድራሻም ይዞ ሊመጣ ይችላል። ስም ያልወጣለት ደንበኛና የቴክኒሻኑ የስልክ ልውውጥ በየከተማው አንድ ዓይነት ነው።

«መብራት ሄዶ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ ካሜራው ጠፋብኝ።»

«ሐጂ፣ ካሜራው አልጠፋም። ቁጥሩ ነው የተቀየረው።»

አንድ ነገር በጨዋታ መሐል ላንሳ፤ የሰዓቱን ጉዳይ። እነዚህ ሳጥኖች ከፋብሪካ ሲወጡ ሰዓታቸው በቤጂንግ ነው የተሞላው፤ ከእኛ አምስት ሰዓት ይቀድማል። ገጣሚው ካላስተካከለው፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት የወጣ ጆንያ በቪዲዮው ላይ 08:00 ብሎ ይታያል። ያንን ጠዋት 2 ሰዓት ብሎ የሚያነብ ሰው የቀኑን ተረኛ ይጠረጥራል፤ የሌሊቱ ሰው በሰላም ይተኛል። ካሜራ አስገጥሞ ሰዓቱን ያላየ ሰው ማስረጃ ሳይሆን የጠብ ምክንያት ነው የገዛው።

በ2014 «ነፃ» የሚለው ነገር መናጋት ጀመረ። ዲን በሜይ 7 የነፃ አገልግሎቱን ዘጋ፤ ስም የፈለገ ይክፈል አለ። ክፍያው በዶላር፣ በዓለም አቀፍ ካርድ ነው፤ ያ ካርድ ደግሞ በሰቃ ቀርቶ በአዲስ አበባም በቀላሉ የማይገኝ ነገር ነበር። ብዙው ሰው ወደ ኖ-አይፒ ዞረ። ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በጁን 30፣ ማይክሮሶፍት ከአሜሪካ ፍርድ ቤት ባገኘው ትእዛዝ 22 የኖ-አይፒ ዶሜኖችን ወሰደ። ምክንያቱ የኮምፒውተር ወንጀለኞችም በእነዚሁ ነፃ ስሞች እየተጠቀሙ አድራሻቸውን ይቀያይራሉ የሚል ነበር፤ እውነትም ይጠቀሙ ነበር። ነገር ግን ከጥቂት ወንጀለኞች ጋር ምንም ያላጠፉ ሚሊዮኖች ስማቸው አልመለስ አላቸው። ካሜራው ይሠራል፣ ሳጥኑ ይቀዳል፣ ባለቤቱ ብቻ መንገዱን አጣ። ከቀናት በኋላ ዶሜኖቹ ተመለሱ፣ ማይክሮሶፍትና ኖ-አይፒም ተስማሙ። ማን የአንተን መዝገብ እንደያዘ፣ እሱንም ማን ሊያዝዘው እንደሚችል የታየው ያን ጊዜ ነው። ያየው ሰው ጥቂት ነበር።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ደግሞ በዓለም ዙሪያ 73 ሺህ ያህል ካሜራዎች የሚያሳዩትን በቀጥታ የሚያስመለክት አንድ ድረ ገጽ ወሬው ተሰማ። መዝጊያ የሰበረ አልነበረም፤ የካሜራዎቹ የይለፍ ቃል ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ነው። የሂክቪዥን «አድሚን» እና 12345፣ የዳሁዋ «አድሚን» እና «አድሚን»። በፌብሩዋሪ 2015 የቻይናዋ ጂያንግሱ ክፍለ ሀገር ፖሊስ የራሱ የሂክቪዥን መሣሪያዎች በዚሁ ምክንያት በሌላ ሰው እጅ መግባታቸውን አስታወቀ። ኩባንያው ከዚያ በኋላ አዲሶቹን መሣሪያዎች ባለቤቱ የራሱን የይለፍ ቃል ካላወጣ የማይሠሩ አደረጋቸው። አሮጌዎቹ ግን በየግድግዳው ላይ እንደተሰቀሉ ቀሩ።

ከዚህ በኋላ የመጣው 2009 ዓ.ም. ነው፤ የዚህ ታሪክ እምብርቱ።

በሴፕቴምበር 2016 የአሜሪካዊው ጋዜጠኛ ብራያን ክሬብስ ድረ ገጽ በሰከንድ 620 ጊጋ ቢት በሚደርስ ጎርፍ ተመታ። ጎርፉ የመጣው ከትልልቅ ኮምፒውተሮች አልነበረም። ሚራይ የተባለ ፕሮግራም ከ60 በላይ የፋብሪካ የይለፍ ቃሎችን ይዞ በየአድራሻው እያንኳኳ፣ የተከፈተለትን ካሜራ፣ ዲቪአርና ራውተር ሎሌ ያደርግ ነበር። መሣሪያው ከመብራት ሲነቀል ፕሮግራሙ ይጠፋል፤ መልሶ ሲሰካ ግን የይለፍ ቃሉ ካልተቀየረ በደቂቃዎች ውስጥ ተመልሶ ይገባል። የመብራት መቆራረጥ እንኳ አላዳነም ማለት ነው። በወሩ መጨረሻ የሚራይ ምንጭ ኮድ ለሁሉም ተለቀቀ።

አጥቂዎቹ ስም አላስፈለጋቸውም። ቀደም ብሎ በ2013 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዚማፕ በተባለ መሣሪያ የአራተኛውን ስሪት አድራሻዎች በሙሉ ከአንድ ኮምፒውተር ሆኖ በ45 ደቂቃ ማንኳኳት እንደሚቻል አሳይተው ነበር። «የእኔን መጋዘን ማን ያውቀዋል?» የሚለው መጽናኛ ከዚያ ወዲያ አይሠራም። ስሙን የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሩን ግን ሁሉም ያንኳኳዋል። በተለይ ፖርት መለየት የቸገረው ገጣሚ ሳጥኑን ሙሉ በሙሉ ወደ ውጭ ገልጦት ከሄደ አጥር የለውም።

በዚያ ሰሞን ኢትዮጵያ በራሷ ጉዳይ ተይዛ ነበር። ከመስከረም 28 ቀን 2009 ዓ.ም. ጀምሮ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፣ ለሁለት ወር ገደማም ተዘግቶ ቆየ። የቡና ወቅት ነው። በመስመር ብሮድባንድ የተያያዘ ሳጥን ቢኖርህ፣ ሳጥኑ አድራሻውን ለስም ሰጪው እየነገረ ሥራውን ይቀጥላል፤ አንተ ግን ስልክህ ላይ ልታየው አትችልም።

እንዲህ ሳለ ዓርብ ጥቅምት 11 ቀን፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ላይ በእኛ ሰዓት፣ የሚራይ ጎርፍ ዲን ላይ ወረደ። ያው ዲን፣ ከ18 ዓመት በፊት በአንድ ተማሪ የተጀመረው፣ ለካሜራና ለዲቪአር ስም ሲያድል የኖረው። አሁን የታላላቅ ድርጅቶችን መዝገብ የያዘ ኩባንያ ስለነበር፣ እሱ ሲወድቅ ትዊተር፣ ኔትፍሊክስ፣ ስፖቲፋይ፣ ሬዲት፣ ጊትሃብና ፔይፓል በተለይ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ለሰዓታት የማይገኙ ሆኑ። ኩባንያው በኋላ እንደገመተው ጥቃቱ የተነሣው እስከ 100 ሺህ ከሚደርሱ መሣሪያዎች ነው። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ካሜራና መቅረጫ ነበሩ። ሺዮንግማይ የተባለው ሌላው የሃንጆ ኩባንያ፣ የይለፍ ቃላቸው ሊቀየር የማይችል ክፍሎችን ለብዙ አምራቾች ሲሸጥ የኖረው፣ አሜሪካ ውስጥ ያሉትን አንዳንድ ምርቶቹን እንደሚሰበስብ አስታወቀ። በኖቬምበር ኦራክል ዲንን እንደሚገዛ ተናገረ። ስም ሰጪውን የጣሉት ስም ሲሰጣቸው የኖሩት ዓይነት መሣሪያዎች ናቸው፤ ከዚህ የበለጠ ፍርድ የሚሰጥ ቀን በዚህ ታሪክ ውስጥ አላውቅም።

ቀጥሎ በማርች 2017 ሁለቱም የሃንጆ ግዙፎች ተጋለጡ። የዳሁዋ መሣሪያዎች የተጠቃሚዎቻቸውን መዝገብ ለማንም ያስረክቡ እንደነበር፣ የሂክቪዥን ካሜራዎችም የይለፍ ቃል ሳይጠየቅ የሚታለፍበት ቀዳዳ እንደነበራቸው ተመራማሪዎች አሳዩ። የሂክቪዥኑ ቀዳዳ በአደጋ መለኪያው ከ10 አሥር ተሰጠው። ጠንካራ የይለፍ ቃል ያወጣም ሰው ቢሆን ፖርቱን ከከፈተና ሶፍትዌሩን ካላደሰ አልዳነም ነበር።

አምራቾቹ መልስ ነበራቸው። ፖርት አትክፈቱ፣ ስም አትፈልጉ፣ ሳጥኑ ራሱ ወደ እኛ ሰርቨር ይደውላል፣ እናንተም በስልካችሁ ወደ እኛ ትመጣላችሁ፣ እኛ እናገናኛችኋለን። ሂክ-ኮኔክት የተባለው የሂክቪዥን አገልግሎትና የዳሁዋ መተግበሪያ የሚሠሩት እንዲህ ነው። ሳጥኑ ላይ ያለውን ኪውአር ኮድ በስልክ ማንሳት ብቻ ነው። ለቴክኒሻኑ የግማሽ ቀን ሥራ ወደ ሁለት ደቂቃ ወረደ፤ ለባለቤቱም ስሙ ታድሷል አልታደሰም ብሎ መጨነቅ ቀረ። ቴሌ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የብሮድባንድና የሞባይል ዳታ ዋጋን በግማሽ ያህል ሲቀንስ የሚያስገጥመው ሰው በዛ። የሲም ካርድ ራውተር የሚጠቀሙትም መጡ፤ ለእነሱ ደግሞ አሮጌው ዲዲኤንኤስ ጭራሽ አይሠራም። የሞባይል መረቦች በአብዛኛው ብዙ ደንበኞችን በአንድ የውጭ አድራሻ ስለሚያሳድሩ፣ ስሙ የሚያመለክተው አድራሻ የአንተ ሳይሆን የሺህ ሰው የጋራ ነው፤ ፖርት የሚከፈትበት በርም በአንተ እጅ የለም።

መልሱ ንጹሕ አልነበረም። በኤፕሪል 2019 ፖል ማራፔሴ የተባለ ተመራማሪ አይሊንክፒቱፒ የሚባለው፣ በርካሽ ካሜራዎች ውስጥ የተለመደው የዚሁ ዓይነት ሥርዓት፣ የመሣሪያውን መለያ ቁጥር ገምቶ ለሚገባ ሰው ክፍት እንደሆነ አሳየ፤ ከሁለት ሚሊዮን በላይ መሣሪያዎች ተጋልጠው ነበር። ከዚያም በላይ፣ መዝገቡ እጅ ቀየረ። በሜንሎ ፓርክ የጀመረው፣ በኒው ሃምፕሸር ያለፈው የአድራሻ መዝገብ አሁን አምራቹ ዘንድ ነው። በዲዲኤንኤስ ጊዜ ስም ሰጪው የሚያውቀው አድራሻህን ብቻ ነበር፤ ምስሉ በእሱ በኩል አያልፍም። አሁን የትኛው ስልክ የትኛውን መጋዘን በስንት ሰዓት እንደሚከፍት የሚያውቀው አምራቹ ነው፤ ቀጥታ መገናኘት ሲያቅትም ምስሉ በሰርቨሩ በኩል ያልፋል።

የአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያን ተከትሎ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ሙሉ በሙሉ የተመለሰው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ሁለቱም መንገዶች፣ አሮጌው ዲዲኤንኤስም አዲሱ ኪውአርም፣ በአንድ ቀን ዋጋ አጡ። ሳጥኖቹ ግን መብራት እስካለ ድረስ በዲስካቸው ላይ መቅዳታቸውን አላቆሙም። ኖ-አይፒ ነፃ ስም የያዘ ሰው በየ30 ቀኑ በኢሜይል እንዲያረጋግጥ ይጠይቃል፤ ኢሜይሉ ሊከፈት በማይችልበት ወር ቀኑ የደረሰበት ሰው ስሙን ሊያጣ ይችል ነበር። እንዲህ ያለ ወር ይመጣል ብለው አገልግሎቱን የነደፉት ሰዎች አላሰቡም።

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም.፣ ሮይተርስ የዜና ወኪል ከአዲስ አበባ የሚመለከተን ነገር ይዞ ወጣ። የጃፓን የኮምፒውተር አደጋ ምላሽ ቡድን በሰጠው ጥቆማ የአፍሪካ ኅብረት የመረጃ ቴክኖሎጂ ሰዎች ሲፈትሹ፣ የዋናው መሥሪያ ቤት የጥበቃ ካሜራዎች ምስል ወደ ውጭ እየተቀዳ መሆኑን ደረሱበት፤ ቢሮዎች፣ ኮሪደሮች፣ የመኪና ማቆሚያዎች፣ የስብሰባ አዳራሾች። ዜናው በአንድ የኅብረቱ የውስጥ ማስታወሻ ላይ የተመሠረተ ሲሆን የተጠረጠሩት ቻይናውያን ሰርጎ ገቦች ናቸው፤ ቻይና አስተባብላለች። አኅጉራዊ ድርጅት የራሱን ባለሙያዎች ይዞ ይህ ከደረሰበት፣ አንድ ራውተር ያለው መጋዘን ምን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ አይከብድም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ፈጠነ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በመስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አገልግሎቱን በይፋ ጀመረ፤ በሲም ካርድና በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ፣ መስመርም መብራትም የማይጠይቁ ካሜራዎች ለአልጋ ቡና ምቹ ሆነው ገበያ ላይ ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ በፌብሩዋሪ 2025 በኒው ዮርክ የአረቢካ ቡና የአንድ ፓውንድ ዋጋ ከ4 ዶላር አልፎ በታሪኩ ያልነበረ ከፍታ ላይ ደረሰ። ሁለቱ ሲደመሩ በሰቃ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ያለው ጆንያ ከትናንቱ በብዙ እጥፍ የሚያሳሳ ሆኗል፤ የሚጠብቀው ዓይንም በዚያው ልክ ይበዛል።

ሕጉም ደርሷል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ በሰው ሥርዓት መግባትን ያስቀጣል፤ ይህ ባለ መጋዘኑን ከሌላው ይጠብቃል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ባለ መጋዘኑን ራሱን ይመለከተዋል፤ የሰው ምስል የዚያ ሰው ዳታ ነውና። መጋዘን ውስጥ ተደርድረው ቡና የሚለቅሙ ሴቶች ቀኑን ሙሉ ካሜራ ሥር ናቸው። ባለቤቱ አዲስ አበባ ሆኖ ያያቸዋል፤ የይለፍ ቃሉ 12345 ከሆነ ግን እሱ ብቻ አይደለም የሚያያቸው። ካሜራ እንዳለና ለምን እንዳለ ሊነገራቸው ይገባል፤ ምስላቸው የትም እንዳይሄድ የመጠበቅ ኃላፊነትም የባለቤቱ ነው።

ዲዲኤንኤስ ዛሬም አልሞተም፤ ራውተር ላይ ቪፒኤን የተባለውን የተመሰጠረ የግል መግቢያ ለሚተክል ሰው ጥሩ አገልጋይ ነው፤ ስሙ ወደ ቪፒኤኑ ያደርሳል፣ ሳጥኑ ከውስጥ ይቀራል፣ አምራቹም አያይም። እኔ ብጠየቅ፣ የማይሰለች ቴክኒሻን ላለው ሰው ከሁሉ የተሻለው መንገድ ይኸው ነው እላለሁ። ያን የማይችል ኪውአሩን ይጠቀም። የማይሆነው አሮጌው መንገድ ብቻ ነው፤ ነፃ ስም፣ የተከፈተ ፖርት፣ የፋብሪካ የይለፍ ቃል። ስለዚህ በሰቃም፣ በአጋሮም፣ በሸቤም መጋዘን ያላችሁ፣ የዘንድሮው እሸት ሳይገባ ቴክኒሻኑን ጥሩት። 8000 እና 37777 ተከፍተው እንደሆነ ይዝጋላችሁ፣ የሳጥኑን ሶፍትዌር ያድስ፣ ሰዓቱን ከቤጂንግ ያውጣው። የይለፍ ቃሉን ግን እሱ ሳያይ ራሳችሁ ጻፉት።